አያ ተገኘ የተሸከሙት ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት የሥነ ምግባር መምህራችን "ሰውን መምታት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ?" ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ ተከፋፍሎ ተከራከረ። የእኔ ሐሳብ ግን የሄደው ጠዳ አጠገብ ወዳለው መንደራችን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ሰኔ ነው።

ዝናቡ ገና መጣሉ ነበር፤ የታረሰው መሬት ይሸታል። ለወንድሜ ለይርጋ የሽሮ ፍትፍት ይዤለት ስደርስ ከማሳችን ዳር ከጎረቤታችን ከመኩሪያ ጋር ይጨቃጨቃል። መኩሪያ ሲያርስ ድንበር አልፎ ሁለት ትልም ያህል ወደኛ ገብቷል። ዛሬ ሳስበው አንድ እርምጃ አይሞላም።

"አባቴ በሕይወት ቢኖር ትደፍረው ነበር?" አለው ይርጋ።

"አባትህማ ማረስ ያውቅ ነበር" አለ መኩሪያ እየሳቀ።

ይርጋ ማሳው ዳር የተጋደመውን ምሳር አነሳበት። ጩኸቴን ሰምተው ከታች ማሳ አያ ተገኘ ሮጠው ደረሱ። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በሬያቸውን እንኳ የማይገርፉ ሽማግሌ ናቸው። "በሕግ አምላክ" አሉ። በኛ አገር ይህን የሰማ ሰው ባለበት ይቆማል። ይርጋ ግን አልቆመም። ያኔ አያ ተገኘ የእጁን አንጓ በዱላቸው መቱት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ምሳሩ ጭቃው ላይ ወደቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያ ተገኘ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን ቆሙ። የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ለጎረምሳ ሲሸከም ግን አይተን አናውቅም። መኩሪያም አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ቆሟል።

"ምነው አያ" አለች እናቴ ደንግጣ፣ "ልጄን ከነፍስ ዕዳ ያወጡት አንቱ አይደሉም?"

"ዛሬም ቢሆን እመታዋለሁ" አሉ። "ግን የሰው አጥንት ሰብሬ፣ ሸጋ ሠራሁ ብዬ ቤቴ አልቀመጥም። ልጄ ይርጋ፣ ማረኝ።"

ይርጋ ሄዶ ከፊታቸው ቆመ። ከዚያ ወጌሻው ባላሰረው እጁ ድንጋዩን ሊያወርድ ሞከረ፤ አቃተው። መኩሪያ ቀረብ ብሎ በሌላው በኩል ያዘለት። አብረው አወረዱት።

የይርጋ እጅ ዛሬም በደንብ አይታጠፍም። ያ ምሳር መኩሪያ ላይ አርፎ ቢሆን ግን ደም ተቃብተን አገር ጥለን ተሰደን ነበር፤ እኔም ጎንደር ተቀምጬ አልማርም ነበር። ስለዚህ ለመምህሬ "አለ" ብዬ ብመልስ ደስ ይለኛል፤ ግን መልሱ በዚያ ቃል ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ለፋሲካ አገር ስገባ አያ ተገኘን ጉልበታቸውን ስሜ ስለዚያ ቀን ላመሰግናቸው እጀምራለሁ። ሁልጊዜም ያቋርጡኛል።

"ተይ ልጄ" ይሉኛል፣ "በዚያስ አታመስግኚኝ።"