የላይኛው መደርደሪያ ወይን

ሸዋ ሮቢት ሥራ የጀመርኩት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በእትዬ አሰለፈች ሆቴል ነው። አዲስ አበባ መስተንግዶ ተምሬ ስለመጣሁ ባሬስታ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን ያዘዙኝ የወይን ጠርሙስ እንድደረድር ነበር።

«ውዱን ከላይ፣ ርካሹን ከታች» አሉኝ። የላይኛው መደርደሪያ ከቆርቆሮው ጣሪያ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለም። መሰላል ላይ ወጥቼ ስደረድር ጆሮዬ ተጠበሰ።

«እትዬ፣ ሙቀቱ አያበላሸውም?»

«አንተ ልጅ፣ ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ሲባል አልሰማህም? ደግሞ የክብር ዕቃ ከእግር ሥር አይቀመጥም።»

ቤቱ የሳቸው ነው፤ ደረደርኩ። ቦታ ያጣውን ርካሽ ወይን በጆንያ ጠቅልዬ ከባንኮኒው ሥር፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ሲሚንቶው ላይ አጋደምኩት። በርሜሉ ስለሚያንጠባጥብ ጆንያው ደርቆ አያውቅም።

መኪናቸውን አቁመው የሚያድሩ ሾፌሮች ወይኑን በለስላሳ ቀላቅለው ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ ከፋኝ፤ በኋላ የሞቀውን ወይን ስቀምሰው ፈረድኩላቸው። የተማርኩበት መጽሐፍ «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቀርባል» ይላል። ጸሐፊው ቆላ ወርዶ አያውቅም። እኛ ክፍል ውስጥ ሻይ እንኳ አይበርድም።

እትዬ አሰለፈች አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቱ ለጣርማ በር ሰው ስትታጭ፣ አማቾቹ ጠጅ አዋቂ ናቸው መባሉን ሰምተው «እኔ ደግሞ በወይን ነው የምቀበላቸው» ብለው ለአገሩ ሁሉ አወሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይኛው መደርደሪያ እንዳልሸጥ ከለከሉኝ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት «እስቲ ቅመስልኝ» አሉኝ። የመጀመሪያውን ስከፍት ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። ጠርሙሱ ቆሞ ስለከረመ ቡሹ ደርቆ አየር አስገብቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው ነው። እሳቸውም ቀመሱና የቢራ ሳጥን ላይ ዘፍ አሉ።

«ይኼ እኮ ኮምጣጤ ነው! አለቀልኝ፣ የአማቾቼ መሳቂያ ሆንኩ!»

ዓይናቸው እንባ ሲያቀር አንጀቴን በሉት። ከባንኮኒው ሥር ገብቼ ጆንያውን ጎተትኩ፤ አንዱን ከፍቼ ቀመስኩ። ጤነኛ ነው። ብርጭቆውን ሰጠኋቸው።

«ርካሹን? ለአማቾቼ?»

«ርካሽ ነው፤ ግን ወይን ነው፣ እትዬ።»

«ውዱሳ?»

«ለሰላጣ ይሆናል።»

እያለቀሱ ሳቁ። ለሌላው እንግዳ ጠላና ቢራ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶች ብርዝ ተዘጋጅቷል፤ ወይኑ ለአማቾቹ ብቻ ስለሆነ ይበቃል። ጆንያውን እንዳለ ከጓሮው ማንጎ ሥር በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ነከርኩት።

አማቾቹ ደገኞች ናቸውና ጋቢ ደርበው ወረዱ። ላብ አጠመቃቸው። የሙሽራው አባት ጋሼ ደምሴ ቀዝቃዛውን ወይን ተቀብለው ቀመሱ፤ ደገሙ። እትዬ አሰለፈች የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ይጠብቃሉ።

«ወይዘሮ አሰለፈች፣ ይኼን ወይን የት አቆይተውት ነው? እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም።»

እሳቸውም ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ለክብር ዕቃ የተለየ ቦታ አለኝ» አሉ። ሳቄን መቋቋም አቅቶኝ ትሪዬን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ከኋላዬ ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በማግስቱ ያልኮመጠጠውን ጠርሙስ ሁሉ አውርደን ከበርሜሉ አጠገብ አጋደምነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ እሳቸው የፕላስቲክ አበባ ደረደሩ።

ከዚያ በኋላ በብዙ ሆቴል ሠርቻለሁ። ሁሉም ባለቤት በመጀመሪያው ቀን ውዱን ከላይ አድርግ ይለኛል። እኔ ግን ለአዲስ ባሬስታዎች የምነግራቸው ሌላ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ወይኑን ወለል ላይ አጋድሙት።