አሉላ የጻፈው ፕሮግራም

ሲምረትና ባሏ አሉላ ካዛንቺስ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። የክሊኒኮችን ካርድ ክፍል ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የጻፈው አሉላ ነው። «የቀጠሮው ነገር የት ነው ያለው?» ሲሉት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ፋይሉን ይነግራቸዋል።

በ2003 ዓ.ም. የተሳፈረበት ሚኒባስ መስቀል ፍላወር አጠገብ ተገለበጠ። ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታ፤ ግን ተረፈ። ሲነቃ እናቱን ወይዘሮ ፀሐይቱን አወቃቸው፤ በትግርኛ አጫወታቸው። ሲምረትን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ሲምረት! አንቺ ደግሞ ማን ነገረሽ? ዛሬ ክላስ የለም እንዴ?»

ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱ ዓመታት አልፈዋል። ሥራውም ትዳሩም ከአእምሮው ተፍቀዋል።

ሐኪሙ «የለመደውን ሥራ ያግኘው፤ አንዳንዴ ትዝታ ይቀሰቅሳል» ሲሉ ሲምረት ይህችን ቃል ጨበጠች። ፕሮግራሙ ከተመለሰለት እኔም እመለስለታለሁ ብላ ተስፋ አደረገች። የቢሮው ኃላፊ በድሉም ፈቀደላት።

ችግሩ የፋይሉ ብዛት ነበር፤ ካርታው ያለው አሉላ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበርና። ስለዚህ አንድ ጠዋት የኮምፒውተሩን ጥቁር መስኮት ከፍታ ሲታግስ የሚባለውን መሣሪያ በአንድ አጭር ትእዛዝ አስነሳችው። መሣሪያው ፋይሎቹን ሁሉ አሰሰና ኮዱ ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ ክፍል ስም የት ቦታ እንደተጻፈ የሚያሳይ ማውጫ አወጣ።

«ከርሰሩን ስሙ ላይ አድርግና ይቺን ተጫን» አለችው።

ተጫነ። ከርሰሩ ስሙ ወደተጻፈበት ፋይል ዘሎ ገባ።

«ኧረ! በአንዴ? ለመመለስስ?»

«ይቺን።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጣል። ከፋይል ፋይል እየዘለለ ያነባል፤ አንዳንዴም እንደ ድሮው ከንፈሩን ይነክሳል። ሲምረት አማቷ ጋ ደውላ «እማማ፣ እየመጣለት ነው መሰለኝ» አለቻቸው። እልል አሉላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አንድ በሽተኛ ስሙ አንዴ በ«ፀ» አንዴ በ«ጸ» ሲጻፍ ያው ሰው መሆኑን የሚለይ ኮድ ነው። ለአሉላ ሐሳቡ የመጣለት የሠርጋቸው ጥሪ ካርድ ላይ የእናቱ ስም በ«ጸ» ታትሞ እናቱ ያኮረፉ ጊዜ ነበር። ሲምረት ይህን ያስታውሳል ብላ ጠበቀች።

«ይሄን የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነው ባክሽ» አላት። «አሁን የት ነው የሚሠራው?»

«አንተ ነህ እኮ፣ አሉላ።»

ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ሁላችሁም ትነግሩኛላችሁ፤ አምናችኋለሁም። ግን፣ ማለቴ… ስለ ሌላ ሰው የምታወሩ ነው የሚመስለኝ። አንቺም ያገባሽው እሱን ነው፣ ሲምረት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወደ ደረጃው ወጣች። በድሉ ተከትሏት ወጣና አጠገቧ ቁጭ አለ።

ከጥምቀት በኋላ አሉላ ቢሮውን ተወ። እናቱ ቤት ገብቶ ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው የአጎቱ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ መሥራት ጀመረ። ፕሮግራሙ ለሲምረት ቀረ። ክሊኒኮቹ ሲደውሉ ማውጫውን ይዛ በባሏ ሐሳብ ውስጥ ብቻዋን ትመላለሳለች።

እሑድ እሑድ ትጠይቀዋለች። እንደ ክብር እንግዳ ከመቀመጫው ተነስቶ ይቀበላታል፤ እናቱ ይህን ላለማየት ወደ ጓዳ ይገባሉ። ዓመት ሲሞላ ወይዘሮ ፀሐይቱ እጇን ያዙ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ገና ወጣት ነሽ። ብትሄጂ አልቀየምሽም።»

«እማማ፣ ባሌ አልሞተም እኮ።»

«እሱማ አልሞተም» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ቀለበቷን ያወለቀችው ከፋሲካ በኋላ ነው። በሚቀጥለው እሑድ አሉላ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ሱቁ እየሳቀ አጫወታት። ጣቷን አላየም።