ወይራ የጠጣው ዱቄት

እኔ አንድ ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ወገዳ ወንድ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ ለንግሥ ጋይንት እህቴ ዘንድ እወጣለሁ፣ ከዚያ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሴት ልጄ ቤት። ልጆቼ፣ እናታችን መንገዱን ከሾፌሩ ይበልጥ ታውቀዋለች እያሉ ይቀልዱብኛል።

የሴት ልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ምኑን ነው የምትማሪው ብላት፣ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ አለ አለችኝ፤ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ከውኃ ተለይቶ ይወጣል፣ ሲነድ ጭስ የለው፣ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ችግሩ ማስቀመጫው ነው። ከሁሉ የቀለለ ስለሆነ ብዙውን በጠባብ ዕቃ መያዝ ያስቸግራል። እሷ ታዲያ የባቄላ ገለባ አክስላ ዱቄት ታደርጋለች፤ ዱቄቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ነው፣ ጋዙ እዚያ እየተለጠፈ እንዲቀመጥ።

ገለባውን ከወገዳ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ጆንያውን ሳስጭን የአውቶቡሱ ረዳት፣ እማማ፣ የእስቴ ከብት የሚበላው አጣ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ።

ለፋሲካ እናቷ ቤት ስትመጣ ዱቄቱን በጠርሙስ ይዛ መጣች። ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ወስዳ ምን ያህል ጋዝ እንደሚይዝ በመሣሪያ ልታስለካው ነው፤ ተራው የደረሳት ስንት ጠብቃ! መንገዱ ግን ጠርሙሱን ሰንጥቆት ኖሯል። ንጹሕ ዕቃ ፈልጉልኝ ብላን ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

እኛ ቤት ንጹሕ ዕቃ ማለት የታጠነ ዕቃ ነው። ትንሿን ቅል አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ በወይራ ደህና አድርጌ አጠንኋት፤ ሙቀቷ ሳይወጣ ዱቄቱን ገልብጬ ከደንሁት። ሳታጥን ዕቃ ሰጠች እንዳልባል።

መጥታ ከፈተች፣ አሸተተች፣ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ጭሱን ጠጥቶታል። ለጋዙ ባበጀሁት ቦታ ወይራ ገባበት።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ይታጠብ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ አይሆንም አለች። ተራዋ ሊያልፋት ነው። እናቷ ቅሏን ተቀብላ እሷም አሸተተችና፣ ለእርጎ ግን ግሩም ነበር አለች። ይሄኔ ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። ዱቄቷ አንድ ነገር አግኝቶ እንደማይለቅ በእኔ እጅ ተፈተነ እያለች ሳቀች።

ከዚያ ስልኳን አንሥታ ከጓደኛዋ ጋር ተራ ተለዋወጠች። እኔም በነጋታው ወገዳ ወርጄ ሌላ ገለባ ይዤላት ተመለስሁ። አክስላ፣ አድቅቃ፣ በሌላ ጠርሙስ ይዛው ሄደች።

አስለክታ ስትጨርስ ደወለችልኝ። በብርቱ ቅዝቃዜ ጋዙን ደህና ይዞታል፤ ሞቅ ሲለው ግን ይለቀዋል።

«እንደ እርስዎ ነው፣ እማማ። ክረምቱን ቤት ተቀምጦ፣ ፀሐይ ስትወጣ ውልቅ።»

አሁን ሙቀት ሲመጣም የሚይዝ ፈልጋ፣ የጋይንትን የገብስ ገለባ ልሞክር ብላለች። ገለባውን ላመጣላት ጋይንት ብወጣ፣ እህቴ ጆንያውን ስታይ እስቲ ጥቂት ወይራ ላጭስበት አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኋት።