ሂ ሲደመር አንድ

እኔ መቼም ተፈጥሮዬ ሆኖ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። መቱ ሳስተምር ልጆቹ «ጋሼ ዙረት» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ስመላለስ ነው የምውለው። ዝናቡ ደግሞ አለ። የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር መምህር ቢጮህም ከንፈሩ ብቻ ነው የሚታየው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ይባል የለ፣ እኔም እንኳን ዘንቦብኝ እንዲያውም ቁጡ ነኝ። ዝውውር ጠይቄ መልሱ የውሃ ሽታ ሆኖብኝ ስቁነጠነጥ ነው ያ ዓመት ያለፈው።

ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ይዤ ሳለ አንዲት ልጅ መጣች። አባቷ ሁሩሙ ያሉ መሪጌታ ናቸው። ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት አስደግመው፣ ቁጥሩንም ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው አስተምረዋታል። ቀለም የሚገባት ልጅ ነበረች፤ አስኳላ ግን ረግጣ አታውቅም። ዕድሜዋ አሥራ አምስት። መቱ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ እንድትማር አባቷ የፈቀዱት በአንድ ቃል ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳያልፍ ስምንተኛን ከጨረሰች እሰየው፣ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ቡሬ ቃል የተገባለት ሰው አለ፣ ትዳሯን ትይዛለች። መሪጌታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ነበሩ፤ ችግሩም እሱ ነበር።

ዲሬክተሩ ከታች ትጀምር አሉ። እኔ ፈትኛት ነበርና ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ስንሟገት ቆይተን፣ ከጎሬ ተቆጣጣሪ መጥቶ እስኪወስን ድረስ ለሙከራ ስድስተኛ ክፍል ትቀመጥ ተባለ።

ያን ሰሞን የማስተምረው እኩል እየጨመሩ ስለሚሄዱ ነገሮች ነበር። የግራዋ ቅርንጫፍ ቆራርጠን ወለሉ ላይ ቤት እንሠራለን። ለአንድ ቤት አራት እንጨት። ሁለተኛውን ጎኑ ላይ ስንለጥፍ ግን አንዱ ግድግዳ የጋራ ስለሆነ ሦስት ይበቃል፤ ለሚቀጥለውም እንዲሁ። ልጆቹ «ሰዲ፣ ሰዲ» እያሉ ሦስት ሦስቱን በኦሮምኛ ይጨምራሉ፤ ዲሬክተሩ በአጠገባችን ካላለፉ እኔም አብሬ ሰዲ እላለሁ። ቀጥሎ ነው ጣጣው። ቤቶቹ ስንት እንደሆኑ ባናውቅስ? ያልታወቀውን «ሀ» ብለን ለማንኛውም ሰፈር የሚሠራ ደንብ እንጽፍለታለን። አብዛኞቹ ፊደል ከቁጥር ጋር ተቀላቅሎ ሲያዩ ይደነግጣሉ። እሷ ግን ፈገግ አለች፤ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ተቆጣጣሪው ኮቱን ሳያወልቅ ኋላ ተቀመጠና እሷን ወደ ሰሌዳው እንዳወጣት አዘዘኝ። የቤቶቹን ደንብ ጻፊ አልኳት። ጠመኔ አንስታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ሂ + 1።

እኔም ግራ ገባኝ። መጽሐፉ የሚለው ሀን በሦስት አባዝተሽ አንድ ደምሪ ነው። ተቆጣጣሪው ሳቀ።

«ሂ ምንድን ነው? ሂጂ ለማለት ነው?»

ክፍሉ አውካካ። እሷ እስኪያበቁ ጠበቀች።

«ሀ ግዕዝ ነው፣ አንድ እጅ። ሁ ካዕብ ነው፣ ሁለት እጅ። ሂ ሣልስ ነው። ሦስት ሀ ማለቴ ነው» አለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ካዕብ ሁለተኛ፣ ሣልስ ሦስተኛ መሆኑን ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ማባዣ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አላየሁም። ሰውየው አለቀቃትም። ፊደሉ ሰባት ላይ ያልቃል፣ ስምንት ሀ ሲሆን ምን ልትሆኚ ነው አላት። «ሆሀ» ብላ ጻፈች፤ ሰባትና አንድ። ሃያስ? «ሆሆህ»፤ ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት። ልጆቹ ሆሆህ እያሉ ወለሉ ላይ ሊወድቁ ደረሱ።

ይህን አንተ ነህ ያስተማርካት ሲለኝ ደሜ ፈላ። ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አሳየኝ አልኩት።

«ስህተት ነው አላልኩም» አለ። «ፈተናውን የሚያርመው ግን መሪጌታ አይደለም።»

አራተኛ ክፍል ወርዳ ዘመናዊውን አጻጻፍ ከሥሩ ትማር ብሎ ወሰነ። አጻጻፉን በሳምንት አቀናላታለሁ ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ያኔ አፌ አመለጠኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ኮቱን እንጂ ጭንቅላቱን ይዞ እንዳልመጣ ነገርኩት መሰለኝ። ዲሬክተሩ እጅጌዬን ይዘው ጎተቱኝ። የምጠቅማት መስሎኝ ነገሩን ጭራሽ አጠነከርኩት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ አገኘኋት። ዙሪያዋን እየተሽከረከርኩ አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ ከአራተኛ ጀምረሽም ትደርሺበታለሽ አልኳት። ቆማ አዳመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ ከክፍሌ በአሥራ አንድ ይበልጣል» አለችኝ። «ሁለቱም በዓመት አንድ አንድ ይጨምራሉ። አሥራ አንዱ አይቀንስም። ስምንተኛ ስደርስ አሥራ ዘጠኝ ነኝ።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ ስሌቱን ያስተማርኳት ግን እኔው ነኝ።