በፒያኖ የተለካ ክራር

የልጅ ልጄ ሳባ ክራሯን በአንቺሆዬ ቅኝት ስትቃኝ ስልኳ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ቀይ አበራ። «እማማ፣ ክሩ ሠላሳ ሴንት ወርዷል ይላል» አለችኝ። እንዳስረዳችኝ፣ ሴንት በሁለት ጎረቤት የፒያኖ ድምፆች መካከል ካለው ርቀት አንድ መቶኛው ነው። አንገሸገሸኝ።

ልጅ ሆኜ ለአጎቴ ምሳ ላደርስ ክራር ወደሚደረድርበት የካዛንቺስ ሆቴል ሄድኩ። ፒያኖ ተጫዋቹ «ክራርህ ተበላሽቷል፤ ከዚህ ጋር አስተካክል!» አለው በሰው ፊት። አጎቴ ግን ከፒያኖ ድምፆች ጋር የማይገጥመውን አንቺሆዬን የቃኘው አባቱ እንዳስተማሩት ነበር። «ለምን ፒያኖህ ከእኔ ክራር ጋር አይስተካከልም?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ነገሩ ሳይገባኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ አልጠራውም። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

«ስልኩን አጥፊው» አልኳት።

«አስተማሪያችን ማርክ የሚሰጠን በዚሁ ነው እኮ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ነገ አስተማሪሽ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ።»