ከበሩ በላይ ያለው ክፍተት

ቤተሰቦቿ «ሚሊሜትር» ይሏታል። ሥራዋ በኮምፒውተር የቤት ፕላን መንደፍ ነው፤ ቀዳዳ ካየች እንቅልፍ የላትም። አባቷ በገዛ እጁ በሠራው፣ እሷም ባደገችበት የግንድ ቤት ግን ከበሩ በላይ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ነበር። አባቷ ጨርቅ ወትፎበት በሳንቃ ሸፍኖታል። እሷም «አባዬ ሲለካ ተሳስቶ ነው» እያለች ስትስቅበት ኖረች።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የግንድ ግድግዳ ስትነድፍ፣ ግንዶቹን አንድ በአንድ ደረደረችና በሩን ከላዩ ካለው ግንድ ጋር ግጥም አድርጋ አስገባችው። ፕሮግራሙ ወዲያው በሩን ቀይ አደረገው። ምክንያቱን ከፍታ አነበበች። ግንድ እየደረቀ ሲሄድ ግድግዳው ዝቅ ይላል፤ ከበሩ በላይ ክፍተት ካልተተወ ክብደቱ በሩ ላይ ያርፍና አልከፈትም ያሰኘዋል።

ማውሱን ትታ ስልኳን አነሳች።

«አባዬ፣ ያ ክፍተት ሆን ብለህ የተውከው ነው እንዴ?»

«ታዲያስ!»

«ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ስስቅብህ እንዴት ዝም ትላለህ?»

«በሩ አንድ ቀን እምቢ ብሎሽ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እና ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ?»