በረኪና የፈሰሰበት ሰጋቱራ

ልደታ በተከራየሁት ቤት ሁለት ጊኒ ፒጎች፣ ጅራት የሌላቸው ትልልቅ አይጥ መሳዮች፣ አሳድግ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካሉ አናጢዎች ያመጣሁትን ሰጋቱራ ብናኙን ነፍቼ አነጥፍላቸዋለሁ፤ የረጠበውን በየጠዋቱ አነሳለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ በበረኪና ሽታ ታፍኗል። አከራዬ በትርፍ ቁልፋቸው ገብተው ሰጋቱራው ላይ አፍስሰውበታል። ትንሿ ሞታለች፤ ትልቋ ዓይኗ እያነባ ጥግ ተወሽቃለች።

«ሸተተኝ፤ ለአንቺው ብዬ ነው» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«እማማ፣ እርስዎ በረኪና በጠጣ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ?»

«ለአይጥ ነው እንዲህ የምትጮሂብኝ?»

ሰጋቱራውን ሙልጭ አድርጌ ዛቅኩ፤ ሳጥኑን በውሃ ደጋግሜ አጥቤ ደረቅ ድርቆሽ አነጠፍኩ። ትልቋ ተረፈች። በማግስቱ ቁልፉን አስቀየርኩ። ዛሬም «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጥርሴን ነክሼ ነው።